«ወገብ የሚያመው ኩላሊት ሲደክም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የወገብ ሕመምን በቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለማዳን የሚያትት አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ወገብ የሚያመው ኩላሊት ሲደክም ነው፤ ቻይናውያን ይህን ካወቁ 5,000 ዓመት አልፏቸዋል፤ መርፌያቸው የተንሸራተተ ዲስክ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ሥራ ሥራቸው ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም፤ ዋግምት የተበላሸ ደም ያወጣል፤ ስለዚህ ራጅና ኤምአርአይ ገንዘብ ማባከን ነው። ኢንሹራንሶችም ለዚህ ሕክምና አንድ ሳንቲም አይከፍሉም ይላል።

በሁለት ነገር ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። አብዛኛው የወገብ ሕመም ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ለወራት እንደ ቆሎ መቃምም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። የቻይና ሕክምናም በቦታውና በልኩ ሲሠራበት ለወገብ ይረዳል፤ ይህን የምንጽፈውም ስለምናከብረው ነው። የተጋራው ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ተሳስቶ ተርጉሞ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚያ ላይ ገንብቶታል። እሱን አምኖ የሚነሳ ሰው እውነተኛ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ወገብ የሚያመው ኩላሊት ሲደክም ነው»

የቻይና ሐኪሞች «ሸን» የሚሉት ነገር አለ። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ኩላሊት» ይላችኋል። ከአማርኛው «ሽንት» ጋር መቀራረቡም ግጥምጥሞሽ ነው። በእነሱ ሕክምና ውስጥ ሸን ማለት ደም ከምታጣራው አካል በጣም የሰፋ ነገር ነው፤ እድገትን፣ መውለድን፣ አጥንትና መቅኔን፣ የጆሮን መስማት፣ የጉልበትን መጽናትና እርጅናን አንድ ላይ አስሮ የሚይዝ የአሠራር ስም ነው። «ወገብ የሸን መኖሪያ ነው» የሚለው አባባል «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» በሚባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛል። አንድ አዛውንት ወገባቸው ሲዝል፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሳቸው ሐኪሙ «ሸን ደክሟል» ይላል። የእኚህ አዛውንት ደም ተመርምሮ ክሬያቲኒናቸው (የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ነገር) ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም ክሬያቲኒናቸው ከፍ ብሏል አላለም።

ችግሩን የሚያብሰው የራሳችን የአነጋገር ልማድ ነው። ከወገባችን ወደ ጎን ትንሽ ሲወጋን «ኩላሊቴን» እንላለን። ብርድ መታኝ ስንል ኩላሊቴን፣ ረጅም መንገድ ተቀምጠን ስንነሳ ኩላሊቴን። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ «የወገብ ሕመም የኩላሊት ድካም ነው» የሚል ሲያነብ ጥርጣሬ አይገባውም፤ ድሮም የሚለውን ነው የነገሩት።

የእውነተኛ ኩላሊት ሕመም መልኩ ሌላ ነው። ቦታው ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታች ሽንጥ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይሆናል። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ሰውየው ይገላበጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የሚያርፍበት አቀማመጥ ያጣል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለ፤ ሽንት ያቃጥላል። የጡንቻና የአከርካሪ ሕመም ግን ከእንቅስቃሴ ጋር ይሄዳል፤ ጎንበስ ሲሉ ይይዛል፣ ከወንበር ሲነሱ ይከብዳል፣ ሲተኙ ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ጽሑፉ ከራሱ ከቻይና ሕክምናም ጋር መጋጨቱ ነው። የወገብ ሕመም በእነሱ ዘንድ ቢያንስ በአራት ይከፈላል። ብርድና እርጥበት የገባበት ወገብ ይከብዳል፣ በዝናብ ቀን ይብሳል፣ ሙቀት ሲነካው ይቀላል። እርጥበትና ሙቀት የተቀላቀለበት ደግሞ ያቃጥላል። ደም የቆመበት ወገብ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጩቤ ይወጋል፣ ሌሊት ይጠናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመውደቅ ወይም ከባድ ነገር ከማንሳት በኋላ ይመጣል። ሸን የደከመበት ወገብ ቀስ ብሎ ለዓመታት የሚዝል ነው፤ ድካም ያብሰዋል፣ ዕረፍት ያቀለዋል። ትናንት የሲሚንቶ ከረጢት ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ ብሎ የቀረ የ25 ዓመት ወጣት በየትኛውም የቻይና መማሪያ «ሸን ደካማ» አይባልም። የሸን ማጠንከሪያ ሥር አፍልቶ መስጠትም በራሳቸው ሕግ የተሳሳተ ሕክምና ነው። ጽሑፉ ግን ሁሉንም ሰው በአንድ ቅል ለክቶ አንድ ዓይነት ሻይ ያዝዛል።

«5,000 ዓመት የተፈተነ፣ ያለ ማደንዘዣ ሆድ የሚያስቀድድ»

ይህን ባጭሩ እንለፈው። ማዋንግዱዊ በሚባለው ስፍራ በ168 ቅድመ ክርስቶስ የተዘጋ መቃብር በ1973 ተቆፍሮ የሕክምና ጽሑፎች ወጥተውበታል። ጉልበት ይዞርባቸዋል የሚሏቸው የሰውነት መስመሮችና በእሳት ማሞቅ በውስጣቸው ተጽፈዋል፤ በመርፌ መውጋት ግን የለም። ስለዚህ 5,000 የሚለው ቁጥር መሠረት የለውም፤ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ቢሉ የሚያስከብር ዕድሜ ነው።

ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ጥገና የተባለው የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የጄምስ ሬስተን ታሪክ ተዛብቶ ነው። ሬስተን በሐምሌ 1971 ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ሲወጣ በተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ደንዝዞ ነው የተቀደደው። አኩፓንቸር (የመርፌው ሕክምና) የተደረገለት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዱ ሲነፋና ሲያስጨንቀው ነበር።

«መርፌው የተንሸራተተ ዲስክ ወደ ቦታው ይመልሳል»

«መንሸራተት» የሚለው ቃል ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ዲስክ በላይና በታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው፤ እንደ ሳሙና ሸርተት ብሎ አይወጣም። የሚሆነው ጠንካራው የውጭ ቀለበቱ ሲሰነጠቅ በመሃሉ ያለው ለስላሳ ነገር ማበጡ ወይም መውጣቱ ነው። ያ የወጣው ክፍል አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሲጫንና ሲያስቆጣ ሕመሙ በመቀመጫ አልፎ እስከ እግር ይወርዳል። ሰውነት ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ያሳንሰዋል። ጽሑፉ «ከመርፌ በኋላ በኤምአርአይ ጠፍቶ ታየ» ሲል ይህን ነው ለመርፌው የሰጠው።

የወገብ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊሜትር ነው። ጡንቻ ውስጥ ይቆማል። ዲስክ የሚገፋበት ጉልበት የለውም።

ታዲያ ምን ይሠራል? የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ሃን ጂሼንግ ለዐሥርተ ዓመታት ባደረጉት ምርምር በመርፌ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲለቀቅ ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻዎች እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። በሰከንድ 2 ጊዜ ሲመታ ኢንኬፋሊንና ኢንዶርፊን፣ 100 ጊዜ ሲመታ ዳይኖርፊን። (የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን የኤሌክትሪክ ዓይነት ፈጽሞ ማድረግ የለበትም።) ይህ ሕመምን የሚያቀል አሠራር ነው፤ አጥንትና ዲስክ የሚጠግን አይደለም።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ2007 በታተመ አንድ ትልቅ የጀርመን ጥናት ለረጅም ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል በትክክለኛ ነጥቦች ላይ በጥልቀት ተወጋ፤ ሁለተኛው ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ከላይ ከላይ ብቻ ተወጋ፤ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ አገኘ። ከ6 ወር በኋላ የተሻላቸው ከመጀመሪያው 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛው 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኛው 27.4 በመቶ ነበሩ። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በ638 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናትም ቆዳ በማይበሳ የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የተነኩት ሰዎች በእውነተኛ መርፌ ከተወጉት እኩል ተሽሏቸዋል፤ ሁለቱም ከተለመደው ሕክምና በልጠዋል።

እነዚህን ቁጥሮች አንዱ ወገን «መርፌ ዋጋ የለውም» ብሎ ያነባቸዋል፣ ሌላው «ከሆስፒታል ይበልጣል» ብሎ። የእኛ ንባብ ይህ ነው፦ ሕመምተኛው በእርግጥ ይሻለዋል፤ ሆኖም የመሻሉ አብዛኛው ክፍል የመጣው መርፌው በትክክለኛው መስመር ላይ በማረፉ አይደለም። የሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶ ማየት፣ የመንካቱ፣ ተኝቶ የማረፉ፣ ይሻለኛል ብሎ የመጠበቁ ድርሻ ትልቅ ነው። ትላልቆቹ ተቋማት የተለያዩትም በዚህ ነጥብ ነው። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስ በ2016 «ለወገብ አኩፓንቸር አትስጡ» አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል አስገባው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለሰነበተ የወገብ ሕመም በቅድመ ሁኔታ ደግፎታል። ጽሑፉ እንደሚለው «ሳይንስ አረጋገጠ» ተብሎ የተዘጋ ነገር የለም።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ደህና አሠራርን ከደካማው የሚለይበትን ይወቅ። ቻይና ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሕክምና ቡድን ስትልክ ኖራለች፤ መርፌው ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ቦታ የሚያገኙበትን ዘዴ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ታማሚው በደረቱ ይተኛል፤ ከሆዱ ሥር አንድ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ጥቅል ፎጣ ይደረጋል። ሐኪሙ እጆቹን በሁለቱ የዳሌ አጥንት አናት ላይ አሳርፎ አውራ ጣቶቹን ወደ መሃል ሲያመጣቸው በግምት 4ኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ሁለት የአከርካሪ ጉብታ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ 2ኛው የወገብ አከርካሪ እሱ ነው። ከዚህ ጉብታ ታችኛ ጠርዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 1.5 «ጹን» ላይ ያለው ሸንሹ ይባላል። በ4ኛው ትይዩ በዚያው ርቀት ያለው ዳቻንግሹ ነው። አንድ ጹን የታማሚው የራሱ አውራ ጣት ስፋት ነው፤ የሐኪሙ ጣት አይደለም። አመልካችና መሃል ጣት አንድ ላይ 1.5 ይሆናሉ። ሦስተኛው ወይጆንግ የሚባለው ቋንጃ ላይ፣ በእጥፋቱ መሃል ያለው ነው። ከዚያ ደግሞ ሐኪሙ እየተጫነ ሲሄድ ታማሚው «እዚያ ጋ!» የሚልበት ቦታ፤ እሱን «አሺ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ የታማሚው ጩኸት ነው።

ሸንሹ ላይ መርፌው ከ0.5 እስከ 1 ጹን ገብቶ ጫፉ ወደ አከርካሪው ትንሽ ያዘነብላል። ወደ ውጭ አዘንብሎና ጠልቆ የሄደ መርፌ እውነተኛዋን ኩላሊት ሊወጋ ይችላል። ስለ ኩላሊት ይህን ያህል የጻፈ ሰው ይህን አንዲት ቃል አለማንሳቱ ያሳዝናል። ወይጆንግ ሥር ደግሞ ትልቅ ነርቭና የደም ቧንቧ ያልፋሉ፤ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ እግር ጣት የሚለቅ ስሜት ከመጣ መርፌው ወዲያው ወደ ኋላ መሳብ አለበት። የሚፈለገው ስሜት የመክበድ፣ የመወጠር፣ ቀስ ብሎ የመደንዘዝ ነው። መርፌዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ።

በባዶ ሆድ የሄደና የደነገጠ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ያን ጊዜ መርፌዎቹ ሁሉ ይነቀላሉ፣ ሰውየው ጠፍጣፋ ይተኛል፣ እግሩ ከፍ ይላል፣ ሲነቃ ጣፋጭ ነገር ይሰጠዋል። መርፌው ከታሸገበት በፊታችሁ ሲቀደድ ካላያችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ይናገሩ።

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የተለመደ ነው። ከ5 ወይም 6 ጊዜ በኋላ ከወንበር መነሳት ወይም ሌሊት መገላበጥ ትንሽ እንኳን ካልቀለለ ሌላ 20 መርፌ አይጨምረውም።

«ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም»

ከጽሑፉ ሁሉ ያስቆጣን ይህ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለሴቶች የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት ክኒን ይሰጥ ነበር። በክኒኑ ውስጥ መግባት የነበረበት «ሃን ፋንግ ጂ» የሚባል ሥር ነው። የገባው ግን ስሙ የሚመሳሰል «ጓንግ ፋንግ ጂ» ሆነ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ የያዘ ሌላ ተክል ነው። ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሸ። ብዙዎቹ ለዲያሊሲስና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፤ በኋላም ከመካከላቸው በሽንት ቧንቧ ካንሰር የተያዙ ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን አሲድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ቻይና ራሷ በ2003 እና በ2004 አሲዱ ያለባቸውን ሦስት ተክሎች ከመድኃኒት መዝገቧ ሰርዛለች።

ፋንግ ጂ በቻይና ሕክምና ለመገጣጠሚያና ለወገብ ሕመም፣ ለእብጠትም የሚታዘዝ ሥር መሆኑን ልብ በሉ። «ኩላሊትህ ደክሞ ነው ወገብህ ያመመህ» ተብሎ ተነግሮት ስሙን የማያውቀውን ሥር የጠጣ ሰው ጤነኛ ኩላሊቱን በገዛ ገንዘቡ ያጠፋል። የተሳሳተው ትርጉም የሚያደርሰው እዚህ ድረስ ነው።

ጽሑፉ በስም የጠቀሰው ለወገብ የታወቀውን «ዱ ሁዎ ጂ ሼንግ ታንግ» የሚባል ቅልቅል ነው። 15 ዓይነት ዕፅ አለበት። አንዱ «ሺ ሺን» ነው፤ እሱም በጥቂቱ አሪስቶሎኪክ አሲድ ስላለበት የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ሥሩን ብቻ እንዲጠቀሙ፣ መጠኑም ከ1 እስከ 3 ግራም እንዲሆን ይደነግጋል። ሌላው ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ነው፤ ለሳምንታት ሲጠጣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ግፊት ያለበት አንባቢ ይህን ማወቅ ነበረበት። «ዳንግ ጉዊ» የሚባለው ደግሞ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደም ያፈስሳል። ጽሑፉ «ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ» ከማለት በቀር ግራምም፣ ስንት ሳምንትም፣ ማን እንደማይጠጣም አይናገርም።

ከዚህ የከፋው «ሥሩን በአረቄ ዘፍዝፋችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ነው። በቻይና ለብርድ ሕመም ከሚሸጡ ሥሮች መካከል «ቹዋን ው» እና «ፉ ዚ» የሚባሉት አኮኒቲን የሚባል መርዝ አላቸው። በሙያተኛ እጅ አስቀድመው ይሰናዳሉ፣ ከዚያም ከሌሎቹ ቀድመው ብቻቸውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈላሉ፤ መርዙን የሚሰብረው ይህ ረጅም ፍላት ነው። አረቄ አይፈላም፤ መርዙን ሳይሰብር ከሥሩ ስቦ ያወጣል። በእንዲህ ያለ አልኮል የሞቱ ሰዎች ቻይና ውስጥ አሉ፤ ለቆዳ ማሻሻ የተዘጋጀውን የጠጡ ናቸው። ከጠጡ በኋላ ከንፈርና ምላስ መንዘር ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ማስመለስና የልብ መዛባት ይከተላል፤ ጊዜ ሳይሰጡ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው፣ ሥሩን ወይም ጠርሙሱን ይዞ።

ሌላም አለ። በሁለት ቀን ተአምር የሚሠራ፣ ስሙ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ክኒን ከደረሳችሁ ውስጡ የተደበቀ ዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ ወገን የሆነ ኃይለኛ መድኃኒት) ወይም ዳይክሎፌናክ ሊኖር ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች ደጋግሞ የተያዘ ማጭበርበር ነው። ፊት መንፋት፣ ስኳር መጨመር ይጀምራል። ድንገት ማቆሙም አደጋ አለው። ተደብቆ የቆየ ቲቢ ካለም ዴክሳሜታዞን ይቀሰቅሰዋል።

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያቀረቡት የቻይናዊቷን ተመራማሪ የቱ ዩዩን የ2015 የኖቤል ሽልማት ነው። ሽልማቱ ትክክል ነው፤ አገራችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው መድኃኒት ከእሳቸው ግኝት የመጣ ነው። ይሁንና ቱ ዩዩ ያደረጉት የጸሐፊው ምክር ተቃራኒ ነው። ከጥንት ጽሑፍ ፍንጭ ወሰዱ፤ መፍላት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋ ጠረጠሩ፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት፤ ንጥረ ነገሩን ለይተው፣ በእንስሳ ሞክረው፣ ራሳቸው ላይ ቀምሰው፣ ከዚያ ለሕመምተኛ ሰጡ። ለወገብ ሕመም ይህን መንገድ የተጓዘ የቻይና ዕፅ እስካሁን የለም።

ዋግምትና ሞክሳ

ዋግምት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቀንድ ሲሠራበት የኖረ ነው። ቻይናውያን በብርጭቆ ያደርጉታል፦ በአልኮል የተነከረ ጥጥ በመቆንጠጫ ይይዙና አቃጥለው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ አስገብተው ያወጣሉ፣ ወዲያው ቆዳ ላይ ይደፉታል። ጥጡ ካልተጨመቀ አልኮሉ በብርጭቆው ከንፈር ላይ ይንጠባጠብና ቆዳ ያቃጥላል፤ አብዛኛው ቃጠሎ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከ15 ካለፈ ውኃ ይቋጥራል።

ጽሑፉ «በጠቆረ ቁጥር የተበላሸው ደም በዝቷል» ይላል። ያ ጥቁረት በመምጠጥ የተሰበሩ ጥቃቅን የደም ሥሮች ምልክት ነው። የጤነኛ ሰው ጭን ላይም ጠንክሮ ቢመጥ ይጠቁራል፤ በሳምንት ገደማ ይጠፋል። ተበጥቶ የሚወጣውም ደም በቀረው ሰውነት የሚዞረው ያው ደም ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ምላጩ ነው፤ የጉበት ቢ ቫይረስ ደርቆም ቢያንስ 7 ቀን በዕቃ ላይ ይቆያል። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ ያለበት ሰው መበጣት የለበትም።

ስለ ሞክሳ ጽሑፉ የተሻለ ነው። ከአሪቲና ከጭቁኝ ወገን የሆነ ተክል ደርቆ፣ ተወቅጦ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ይለኮሳል፤ ከቆዳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ርቆ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይያዛል፣ ቆዳው ቀላ እስኪል። ብርድ ለሚያብሰው ወገብ ደስ የሚል ነገር ነው። ስኳር ያለበትና ቆዳው ሙቀት የማይለይ ሰው ግን ሳያውቅ ይቃጠላል፤ እሱ በሌላ ሰው እጅ እንኳን ባያደርገው ይሻላል።

«ጎንበስ ብለህ እግርህን ያዝ፤ ራጅ አያስፈልግህም»

የመጨረሻው ምክር ባዱዋንጂን ከሚባለው የቻይና የሰውነት ማፍታቻ ስምንት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው፤ ጉልበት ሳይታጠፍ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መያዝ። «ሸንንና ወገብን ያጸናል» ይባላል። ለጤነኛ ወገብ መልካም ነው። ዲስኩ አብጦ ሕመሙ እግር ለወረደበት ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ማድረግ ዲስኩ ላይ ጫና ጨምሮ ነርቩን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ለእሱ የሚሻለው በቀን ጥቂት ጊዜ አጭር መንገድ መራመድ፣ ካልከፋውም በደረት ተኝቶ ለ3 ወይም 5 ደቂቃ በክርን መደገፍ ነው። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው፣ ወገቡ ትንሽ ቢብስም። ወደ ታች ወደ እግር ከገፋ ማቆም። ከሰነበተ ሕመም ጋር ለሚኖር ሰው ታይ ቺ የሚባለው ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የ2017ቱ የአሜሪካ መመሪያ በስም ያነሳዋል።

ስለ ራጅና ኤምአርአይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ምንም የአደጋ ምልክት የሌለበት ወገብ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ምስል አይፈልግም። የአደጋ ምልክቶቹን ሳይጠቅሱ «አያስፈልግም» ማለት ግን አይገባም ነበር። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሁለት እግር ከዛለ፣ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ወድቆ ወይም ተገጭቶ የጀመረ፣ ካንሰር የነበረበት ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም መርፌ ከመሞከሩ በፊት ይመርመር።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያመልጠው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሳል ላይኖረው ይችላል። ሕመሙ በዝግታ ለሳምንታትና ለወራት እየጨመረ ይሄዳል፤ ተኝተውም አይለቅም፤ ሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ይከተሉታል። እንዲህ ያለውን ወገብ ወጌሻ ወይም የቱዪና ማሻሻ ባለሙያ በጉልበቱ ተጭኖ «ቀጭ» ሲያደርገው በበሽታው የተበላው አጥንት ሊደረመስና ሰውየው ሽባ ሊሆን ይችላል። በጊዜው ከታወቀ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ጥሬ ወተት ለሚጠጣና ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ወገቡ ለሚያመው ሰው ደግሞ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ መታሰብ አለበት።

«ኢንሹራንስ አንድ ሳንቲም አይከፍልም»

ይህ አሜሪካና ጀርመን ያሉ ወገኖቻችንን መብታቸውን ያስቀራል። ጀርመን ከላይ ካነሳነው ጥናትና ከመሰሎቹ በመነሳት ከ2007 ጀምሮ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም በሕዝብ የጤና መድን ትከፍላለች፤ መርፌውን የሚያደርገው ልዩ ሥልጠና ያለው ሐኪም መሆን አለበት።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው በዋናነት ለአዛውንት የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን ከጥር 2020 ጀምሮ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይሸፍናል። እየተሻለ ከሄደ 8 ይጨመራል፤ በዓመት ከ20 አያልፍም። ሕመሙ ከካንሰር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ከሆነ አይሸፍንም። አኩፓንቸሪስቱ ለብቻው ለሜዲኬር ሂሳብ ማቅረብ አይችልም፤ በሐኪም ወይም በነርስ ፕራክቲሽነር ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት። እናት አባታችሁን ከመውሰዳችሁ በፊት ክሊኒኩን የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ካልሆነ ሂሳቡ ወደ ቤት ይመጣል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ምን እንደቀለለ ይጻፍላቸው፦ ስንት ደቂቃ ቆሙ፣ ደረጃ ስንት ወጡ፣ ሌሊት ስንቴ ነቁ። ለውጥ ካልተጻፈ ተጨማሪው 8 አይፈቀድም።